ለእትዬ ባንችወሰን ዋልዝ የሰጠሁት አራት

ባለፈው እሁድ ከእህቴ ልጅ ጋር ምሳ ልንበላ ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር ይታያል። አንድ ስሙ የገነነ ወጣት ድምፃዊ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ዋልዝ የሚባለውን ባለሦስት ምት የፈረንጅ የጥንድ ዳንስ ይደንሳል። ሲጨርስ ዳኞቹ እየተቀባበሉ አሞገሱት፤ አንደኛዋ እንባዋን ጠረገች። ልጁ ግን ከሙዚቃው ጋር የተገናኘው አልፎ አልፎ ነበር። የእህቴ ልጅ ወደኔ ዞራ፣ «አንቺም እንደዚህ ዳኛ ነበርሽ ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው። ለአንድ ወቅት ብቻ ነበርኩ፤ የሆነውንም ምሳችን እስኪቀርብ ነገርኳት።

ያኔ ገና ሃያዎቹን አላጋመስኩም። ለስፖርት መምህርነት ልማር አዲስ አበባ ሄጄ፣ ኩባ ተምረው ከመጡ አንድ አስተማሪ ዘንድ የጥንድ ዳንስ ጀመርኩ። የቆላ ልጅ ነኝ፤ የኔ አገር ጭፈራ ትከሻና አንገት ነው። ሰው ትከሻውን ጸጥ አድርጎ በእግሩ ብቻ እንደሚናገር እዚያ ነው ያወቅሁት። ታዋቂ ሰዎች የሚወዳደሩበት የዳንስ ዝግጅት በቴሌቪዥን ሊጀመር ሲል አስተማሪዬን ለዳኝነት ጠሯቸው። እሳቸው ታመው ስለነበር በምትካቸው እኔን ላኩ። እንደዚያ ሆኖ ነው በአንድ አንጋፋ ሙዚቀኛና በአንድ የቴአትር አዘጋጅ መካከል የተቀመጥኩት።

ሸዋ ሮቢት ወሬውን ሲሰማ የእናቴ ደስታ ልክ አልነበረውም። ጎረቤታችን ጋሼ ሙሄ የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅቱ ሲተላለፍ ቴሌቪዥናቸውን መደብሩ በር ላይ አውጥተው ሰፈሩን ሁሉ ያሳዩ ጀመር። ሰው በኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያየኛል። ስናገር ዝም፣ ዝም ስል «ምነው አትናገርም?» ይላሉ አሉ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ እትዬ ባንችወሰን ነበሩ። የማጀቴ ተወላጅ፣ ስድሳን ያለፉ ድምፃዊ ናቸው። እናቴ ማሾ ስትለቅም የምታንጎራጉረው የእሳቸውን ዜማ ነበር። ከይፋት ወጥቶ አገር ሁሉ የሚያውቀው ሰው ማን ነው ቢባል የሁላችንም መልስ እሳቸው ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ዳንስ ውድድር መግባታቸው ራሱ አስወደዳቸው።

የዋልዙ ዕለት ነጭ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ወጡ። አዳራሹ ገና ሳይጀምሩ ተነስቶ አጨበጨበ። ሙዚቃው ተጀመረ። አብሯቸው የሚደንሰው ልጅ ጎበዝ ነበር፤ ጎበዝ ስለሆነም ተሸክሟቸው ዞረ። ትከሻቸው በየምቱ ብድግ ይላል፣ ዓይናቸው እግራቸው ላይ ነው፣ መዞሪያው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉና ልጁ እንደ በር ከፍቶ ይመልሳቸዋል። ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ ግን ውብ ስለነበር ያንን ሁሉ ሸፈነው። በግራዬ ያሉት ሙዚቀኛ ከአሥር ዘጠኝ ሰጡ፣ በቀኜ ያሉት አዘጋጅ ስምንት። ስለ ዳንሱ ግን አንዳቸውም ምንም አላሉም፤ ስለ ጀግንነታቸውና ስለ ዘመናቸው ብቻ ተናገሩ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«እትዬ ባንችወሰን፣» አልኩ፣ «ትከሻዎ አሁንም እስክስታ ላይ ነው። ዙሩን የዞረው ልጁ ነው እንጂ እርስዎ አልዞሩም። ምቱን ግን ከሁላችን ይልቅ ይሰሙታል፤ ሰውነትዎ ገና አልተከተለም። አራት።»

አዳራሹ አጉረመረመ። እሳቸው ለአፍታ አዩኝና ጎንበስ ብለው ወረዱ።

በሳምንቱ እረፍት ነበረንና ወደ ቤት ተሳፈርኩ። ወሩ ኅዳር ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ውጦት አውቶቡሱ መብራት አብርቶ ዋሻውን አለፈ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁና አጠገቤ ለተቀመጡት ሴትዮ ዘረጋሁላቸው፤ አዩኝ፣ አወቁኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከዚያ በታች ቁልቁለቱ እያለቀ ሙቀቱ ሲመጣ፣ በሌላ ጊዜ ሹራቤን አውልቄ ደስ የሚለኝ ቦታ ላይ፣ ያን ቀን የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ ነበር።

ጋሼ ሙሄ ቴሌቪዥኑን ወደ ውስጥ አስገብተውታል። ሰላምታዬን መለሱ፤ «አላህ ይምራሽ» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ዞሩ። እናቴ ምሳ አቀረበችልኝ፣ «ብይ»ም ሳትለኝ አጠገቤ ተቀመጠች። «እሳቸውን ዝቅ ለማድረግ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው?» አለች። አይደለም አልኳት። «ታዲያ እንደሌሎቹ ብትሰጪ ምን ይጎድልብሽ ነበር?» የሰጠሁት ነጥብ ትክክል ነበር፤ ያንን አልተጠራጠርኩም። የከበደኝ፣ ትክክል ሆኜ እናቴን ሰው አፍራ ገበያ እንዳትወጣ ማድረጌ ነው። ወንበሩን ለመተው ወሰንኩ።

በማግስቱ ጧት፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ አንዲት ነጭ መኪና ደጃችን ቆመች። እትዬ ባንችወሰን ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወረዱ። ማጀቴ እህታቸው ጋ እየሄዱ ነበር፤ ቤታችንን ጠይቀው ነው የመጡት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እናቴ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት፤ ወንበር አወጣች፣ መልሳ አስገባች፣ በመጨረሻ ፓፓያ ቆርጣ በሰሃን አቀረበች። እሳቸው ተረጋግተው አንድ ቁራጭ በሉና እጃቸውን ጠርገው ወደኔ ዞሩ።

«ሁለቱ ዳኞች ያን ያህል ነጥብ የሰጡኝ ለምን ይመስልሻል?»

ሰሃኑን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግሁ።

«ለዕድሜዬ ነው። ለስሜ ነው። ይቺን አሮጊት አናስቀይማት ብለው ነው። ዳንሴን አይተሽ የሰጠሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አራትም ቢሆን የራሴ ነው።» ቀጥለውም ልክ ውሃ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «አሁን አስተምሪኝ» አሉ።

ዳኛ ተወዳዳሪን ማስተማር እንደማይችል አስረዳኋቸው። ከውድድሩ መውጣታቸውን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ለአዘጋጆቹ ጉልበቴን አሞኛል ብለዋቸዋል፤ ግማሹ እውነት ነበር። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም ወሬው ሲሰማ አባረረቻቸው መባሌ እንደማይቀር ገባኝ፤ ደግሞም ተባለ። ወንበሩን ግን አልተውኩም። እሳቸውን በአራት ሸኝቼ ሌሎቹን በዚያው ሚዛን ሳልዳኝ ብሄድ ነጥቡ ስድብ ሆኖ ይቀራል ብዬ ውድድሩ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። ለቀጣዩ ወቅት አልጠሩኝም።

ታኅሣሥ ላይ ስመለስ እትዬ ባንችወሰን ሸዋ ሮቢት ቤት ተከራይተው ጠበቁኝ። የቆላው ሙቀት ጉልበታቸውን አሻለው። የምንለማመድበት ቦታ ቸግሮን ሳለ ጋሼ ሙሄ የባዶ መጋዘናቸውን ቁልፍ ይዘው መጡ። ወለሉ ለስላሳ ሲሚንቶ ነው፤ የሽንኩርቱ ሽታ ግን ከግድግዳው አልለቀቀም። ሙቀቱ ሳይበረታ በየጧቱ እንገባለን። ነጠላ አጥፌ ትከሻቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከወደቀ እንደገና እንጀምራለን። ይወድቃል፣ እንጀምራለን። አንድ ቀን ነጠላውን አንስተው ወለሉ ላይ ጣሉትና፣ «አንቺ ልጅ፣ አንጀት የለሽም» ብለው ወጡ። አበቃ ብዬ ነበር። በማግስቱ ከኔ ቀድመው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ስለ ትላንቱ አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም።

ነገሩ የተፈታው ቁጥር መቁጠሬን ትቼ የራሳቸውን ዝግ ያለ ዜማ እንዲያንጎራጉሩ ስጠይቃቸው ነው። የዋልዙ ሦስት ምት ለካስ ዕድሜ ልካቸውን አፋቸው ውስጥ ነበር። እያንጎራጎሩ ሲረግጡ ትከሻቸው ራሱ ረጋ። ጥግ ላይ ጆንያ ላይ የተቀመጠችው እናቴ አብራ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ያን ቀን ምሳ ላይ «ብይ» አለችኝ፣ ፊቷ ተፈትቶ ነበር።

ጥር ላይ የእህታቸው የልጅ ልጅ ማጀቴ ተዳረች። ዳሱ ውስጥ ሰው ጨፍሮ ላብ በላብ ሆኗል። እትዬ ባንችወሰን ተነስተው ኪቦርድ የሚጫወተውን ልጅ ዝግ ያለ እንዲመታ አዘዙት፤ እስክስታ የጠበቀው ሰው ግራ ገባው። ዋልዝ የሚችል ወንድ እዚያ አልነበረምና እኔ ያዝኳቸው። መዞሪያው ላይ ስንደርስ እጄን ላላ አደረግሁ። ዞሩ፤ ማንም ሳይጎትታቸው፣ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ፣ በራሳቸው እግር ዞሩ። ሴቶቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ የሚያዩት ምን እንደሚባል አያውቁም። ከዚያ ከወደ ጓዳው አንዷ እልልታውን ለቀቀችውና ዳሱ ተከተላት።

ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ስንት?» አሉኝ።

«ሰባት።»

«ምኑ ጎደለ?»

«ሁለተኛው ዙር ላይ እግርዎን አዩ።»

ሳቁ። እጄን ሳይለቁ ወደ ኪቦርዱ ዞረው፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ድገመው» አሉት።

ካረፉ ብዙ ዓመታት ሆኗል። የእህቴ ልጅ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ የምግብ ቤቱ ሰው ቴሌቪዥኑን ወደ ኳስ ቀይሮት ነበር፤ ውጭ የጭነት መኪኖቹ ወደ ደሴ ይከንፋሉ፣ አቧራው እስከ ጠረጴዛችን ይመጣል። እኔ እዚሁ ከተማ የስፖርት መምህር ሆኜ ነው ያረጀሁት። ብዙ ልጆች አስተምሬያለሁ፤ ጥሩ የሚሮጡ፣ ጥሩ የሚዘሉ። ጉድለቱን ስነግረው እንደተናቀ ሳይሆን እንደተከበረ የቆጠረው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ሌላው ሰው እትዬ ባንችወሰንን የሚያስታውሳቸው በድምፃቸው ነው። እኔ የማስታውሳቸው ግን ሰባት ስላቸው የበራውን ፊታቸውን ነው፤ ዘጠኝ ያሏቸው ቀን ያንን ፊት አላየሁትም።