ቀይ እስክሪብቶና የምክር ሣጥኑ

አራሚያችንን በሌሉበት «ቀይ እስክሪብቶ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን እትዬ ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጡ፤ ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው ብሎ መጽሐፍ ቅዱስ በፖስታ የምናስተምርበት ቢሮ ገቡ። ተማሪው መልሱን ይልካል፣ እሳቸው ያርማሉ፣ ላለፈ ቀጣዩ ትምህርት ይላክለታል። ግማሽ ነጥብ እንኳ በነጻ አይሰጡም። «እትዬ፣ መንግሥተ ሰማይ በር ላይ እርስዎ ካሉ አለቀልን!» ስላቸው፣ «አንቺማ በድጋሚም አታልፊም» ይሉኛል።

የእኔ ሥራ ፖስታ መክፈት ነው። የመልስ ወረቀቱ ለእሳቸው ነው፤ ተማሪው የግል ጉዳዩን የጻፈበት ደብዳቤ ካለ ግን የምክር ሣጥን ውስጥ ይገባል። ቁልፉ አማካሪው ጋ ነው። የሰው ገመና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እንዳይዞር ተብሎ የወጣ ደንብ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዷን እትዬ «ጎበዟ» ይሏት ነበር። ስድስት ትምህርት ያለ አንድ ስህተት! ፖስታዋ ሲመጣ ፊታቸው ይፈታል። ሰባተኛው ስለ ይቅርታ ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄ «የበደለዎትን ሰው ይቅር ብለው፣ ሄደው ታርቀዋል?» ይላል። ጎበዟ «አልቻልኩም» ብላ ጻፈች። እትዬ ቀይ ኤክስ አደረጉባትና «ይሞክሩ፤ ይችላሉ» ብለው መለሱላት።

ሁለተኛም «አልቻልኩም» አለች። በዚህኛው ፖስታ ውስጥ ደብዳቤ ነበረ። ማንበብ የለብኝም፤ ግን እጄ አላርፍ አለኝ።

«የበደለኝ ባሌ ነው። ሸሽቼ እህቴ ቤት ነኝ። ብመለስ አይምረኝም። ሌላ መልስ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ» ይላል።

አማካሪው ለአንድ ወር መንገድ ሄዶ ነበር። እኔ ምን አገባኝ፣ ደንብ ደንብ ነው ብዬ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ነግ በእኔ አላልኩም። እትዬ ምንም ሳያውቁ ሁለተኛውን ኤክስ አደረጉ፤ ፖስታውን ያሸግኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ዛሬ ጠዋት መጣ። ፊደሉ ተንጋዷል። እትዬ መነጽራቸውን ወልውለው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ሄጄ ታርቄያለሁ። ቀኝ እጄ ስለተሰበረ በግራዬ ነው የጻፍኩት፤ ይቅርታ። አሁን አለፍኩ?»

እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ። «ምነው ልጄ! ምነው ሳትነግሪኝ!» አሉ ወረቀቱን እያዩ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

«ነግራን ነበር፣ እትዬ» አልኩ። ሣጥኑን በመቀስ ፈልቅቄ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። አነበቡት፤ ደገሙት። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«አንብበሽው ነበር?»

«አዎ።»

ከፋይሉ የጎበዟን የመጀመሪያ መልስ አወጡ። «አልቻልኩም» ከሚለው አጠገብ ያለውን ኤክስ ሰርዘው ራይት አደረጉበት። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ።

«አድራሻዋን ስጪኝ» አሉ።

ተማሪ ቤት መሄድ ክልክል ነው፤ ለሱም ደንብ አለው። የፖስታውን ጀርባ አየሁ፤ አድራሻው ተቀይሯል፣ የእህቷ ቤት አይደለም። ገልብጬ ሰጠኋቸውና ቦርሳዬን አነሳሁ።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ፖስታውን ያሸግኩት እኔ አይደለሁም እንዴ፣ እትዬ?» አልኩና ተከተልኳቸው።