ጎማ ላይ ተቀምጬ ሰዓት የያዝኩበት ዓመት

የቤተሰቡ ልጆች ንገሪን አሉኝ። ከአንድ አሮጌ ስልክ ውስጥ የቆየ ፎቶ አግኝተው ተሰብስበው አመጡልኝ። ፎቶው ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጫለሁ። ጎማው በገመድ ታስሯል። የገመዱ ጫፍ የልጅ ልጄ ወገብ ላይ ነው፤ እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እጎተታለሁ። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው? ፓኒሽመንት ነው?» አለኝ ትንሹ። ቅጣት አይደለም፣ ስፖርት ነው አልኩት። ማናችን ስፖርት እየሠራን እንደሆነ ግን ከፎቶው አይታወቅም።

በአፌ ከጀመርኩ መንገድ እስታለሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ወንድሜ ሲያጠና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው። በዚህ ምክንያት ለብዙ ጊዜ መጽሐፉ ካልተገለበጠልኝ አላነብም ነበር። ኋላ ቀናልኝ። ቁጥር ግን ድሮም አያስቸግረኝም።

ልጅቷ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። አባቷ ሊሞ የሚሉትን ረጅም መኪና ይነዳል። ሺፍታቸው ስለማይገጥም የሚነጋገሩት ፍሪጁ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው። ሁለቱም ደግ ናቸው፤ አይጣሉም፤ ለመጣላትም መገናኘት ያስፈልጋል። ቬጋስ፣ ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው ሠፈር ባለው ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት የምንገኘው እኔና ልጅቷ ነበርን።

ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የትምህርት ቤቷ የሴቶች ፉትቦል ቡድን ውስጥ መግባት። እኔ እግር ኳስ መስሎኝ «በርቺ» አልኳት። በኋላ ሲያሳዩኝ ኳሱ እንደ ስኳር ድንች ጫፍና ጫፉ ሹል ነው፤ የሚያዘውም በእጅ ነው። ሴቶቹ ወገባቸው ላይ ጨርቅ አንጠልጥለው ይሮጣሉ፤ ኳስ የያዘችውን ልጅ ጨርቅ የነጠቀ አስቆማት ማለት ነው። በእግር የሚነካው ነገር መሬት ብቻ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው ጠይቄ የነገረኝ የለም።

አምና ሞክራ ቀርታለች። አሠልጣኟ፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ የምታንጠለጥል ረጅም ሴት፣ «እጅሽ ጥሩ ነው፣ እግርሽ ግን ይዘገያል» አለቻት። አርባ ያርድ ከስድስት ሰከንድ በታች ሮጣ ካልመጣች ቦታ የለም። «ዘንድሮም ከቀረሁ ሁለተኛ አልሞክርም» አለችኝ ልጅቷ። ሌላ ሌላውን ስታወራኝ ከስልኳ ቀና አትልም። ይቺን ስትል ግን ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

አሠልጣኟ በዕረፍቱ ወራት የሚሠራ ነገር የተጻፈበት ወረቀትና አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሰዓት ሰጥታት ነበር። ሰዓቱ አንድ ትልቅ ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት ይሄዳል፣ ደግመው ሲጫኑት ይቆማል። በስልክ ይለካ እንዳይባል የስልክ መስታወት የእኔን ጣት አይሰማም። ስለዚህ ሰዓት ያዥ ሆንኩ። በዕድሜዬ የያዝኩት የመጀመሪያው ሹመት ነው።

ወረቀቱን ልጅቷ እያነበበች ተረጎመችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት መተኛት ይላል። እኔ ዘጠኝ ሰዓት የተኛሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ቀዶ ጥገና ላይ። ሳይጠማሽ ውኃ ጠጪ ይላል። ይሄ እውነት ነው፤ ቬጋስ ላይ ውኃ ጥም መጣ ማለት እንግዳው በር አንኳክቶ ሳይሆን ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ከሩጫው በፊት ሰውነት ይሙቅ ይላል። ከሩጫ ሩጫ ሦስት ደቂቃ ዕረፍት ይላል፤ ፍጥነት የሚለመደው ሳይደክሙ ነው አለችኝ። ይሄ ገረመኝ። እኔ በማውቀው አገር ሰው የሚሮጠው ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ሳይደርስም አያርፍም።

ስኳት የሚሉት ደግሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ነው። ልጅቷ ቁጢጥ ስትል ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ይሳሳማሉ። ወረቀቱ ለዚህ ረጅም ነገር ጽፏል። እኔ «በሩን ክፈቺ» እላታለሁ፤ ጉልበቷን ትከፍታለች። አንድ ወር ሳይሞላ ሳልነግራት ትከፍት ጀመር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሳትከፋ ፓርኩ እንወርዳለን። ከመብራቱ ምሰሶ እስከ አግዳሚ ወንበሩ አርባ ያርድ ነው፤ አባቷ በሜትር ለክቶታል። እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ ነጠላዬን ከፍ አድርጌ «ሂጂ!» እላለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ። ልጅቷ ትመጣለች፣ እንዳትወድቅብኝ ልቤ ተሰቅሎ ነው የማያት። ስትደርስ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ ሰዓቱን አቆማለሁ፣ ቁጥሩን አነብላታለሁ። መጀመሪያ ቀን ሰባት ነጥብ አራት ነበር።

ነሐሴ ነበርና የፍልሰታ ጾም ገባ። ወረቀቱ ከሥራ በኋላ ወተት ወይም እንቁላል ይላል። ልጅቷም እጾማለሁ አለች፤ ማንም አላስገደዳትም። እኔ የወረቀቱን ሐሳብ ሳልንቅ በሶ በጠበጥኩላት። ፕሮቲን የሚመቱበት ክዳን ያለው ጠርሙስ አላት፤ እሱ ውስጥ በሶ፣ ውኃ፣ ትንሽ ስኳር አድርጌ ቡልቅ ቡልቅ አደርገዋለሁ። ማታ ምስር ወጥ እጨምርላታለሁ። ጓደኞቿ ጠርሙሱን አይተው ከየት ነው የተገዛው ብለው ጠየቋት አሉ።

ጎማውን ያመጣው አባቷ ነው። ጉልበት ለማጠንከር የሚጎተት ነገር ያስፈልጋል፤ ላዩ ላይም ክብደት ይጫን ይላል ወረቀቱ። ብረት ስላልነበረን ሃያ አምስት ፓውንድ ጤፍ ጫንን። በሁለተኛው ቀን ከረጢቱ ተቀደደ፤ የሠፈሩ ወፎች ተጠራሩ። ልጄ ፍሪጁ ላይ «ጤፉን ማን ነካው?» ብላ ጻፈች። ባሏ ከሥሩ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ጻፈ። እኔ ምንም አልጻፍኩም።

በማግስቱ ልጅቷ ባዶ ጎማውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«እማማ፣ አንተ ስንት ፓውንድ ነህ?»

በእሷ አማርኛ ሁላችንም ወንድ ነን። መቶ አሥራ ስምንት አልኳት፤ ሐኪም ቤት የመዘኑኝ ከነጫማዬ ነው።

«ፐርፌክት። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ሃያ እርምጃ ትጎትተኛለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትጎትተኛለች። ሣሩ እርጥብ ሲሆን ጥሩ መጓጓዣ ነው። አባቷ ሰምቶ «እማማ፣ እርስዎ ከወደቁ እኮ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። «ከመሬት አንድ ስንዝር ነው ያለሁት፣ ወዴት እወድቃለሁ?» አልኩት። አሰበና ፎቶ አነሣን። ፎቶው ያ ነው።

አንድ ጠዋት ውሻ የያዘች ሴትዮ ቆመች። ልጅቷ ራቅ ብላ ጫማዋን ታስራለች፤ እኔ ጎማዬ ላይ ብቻዬን ነኝ። «አር ዩ ኦኬይ?» አለችኝ። ልጅቷ ያስተማረችኝን ቃል አስታውሼ «አይ አም ዌይት» አልኳት፤ ክብደቱ እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ለካ በእንግሊዝኛ ጆሮ ክብደትና መጠበቅ አንድ ድምፅ ናቸው። ሴትዮዋ ወደ ተራራው እያየች ጥቂት ቆመችና «እኔም» ብላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እጅ እንነሣሣለን።

በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ግዴታ ነው። ያን ቀን አባቷ ሥራ ከሌለው ቦልደር ሲቲ ይወስደናል። ቁማር የሌለባት ከተማ ናት፤ እሱ ሙሉ ሳምንት ቁማርተኛ ሲያመላልስ ስለሚውል እዚያ ሲደርስ ትከሻው ይወርዳል። ፓርኩ ላይ ቀንዳቸው የተጠቀለለ የተራራ በጎች ወርደው ሣር ይግጣሉ። አንድ ሕፃን ጮኸባቸው፤ አቀበቱን ብን ብለው ወጡት። «ያለ ሰዓት» አልኩ። «እነሱን ማንም ከቲም አያወጣቸውም» አለች ልጅቷ።

ቁጥሩ ቀነሰ፣ ግን እንደሚፈለገው አልቀነሰም። ሰባት ነጥብ አንድ። ሰባት። ከዚያ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ተቸነከረ። ጥቅምት ተጋመሰ፣ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ነው። ጭኗ እንደ ግንድ ጠንክሯል፣ ስትሮጥ መሬቱ ይሰማታል፣ ቁጥሩ ግን አልሰማ አለ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻዋን ሩጫ ሮጠች። ወንበሩን አልፋ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ያዘች።

«ስንት?»

ቁጥሩን አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አምስት ብላትስ ብዬ አስቤያለሁ። ማን ያየኛል? ግን ልጅ በውሸት ቁጥር ተደግፋ ሄዳ በሰው ፊት ብትወድቅ ያነሣኋት እኔ፣ የጣልኳትም እኔ ነኝ።

«ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።»

«እማማ፣ በትክክል ነው የተጫንከው?»

«በትክክል።»

«ሹር?»

«ሹር።»

ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ወረወረችው። አንዱን፣ ቆይታ ሌላውን። «አልሄድም» አለች። ሁለቱንም ለቅሜ አመጣሁላት። «እንግዲያው ጫማውን ለማን ልስጠው? ልኩ ለእኔ አይሆን» አልኳት። «ሂጂና እነሱ ያስቀሩሽ፤ አንቺ ራስሽን አታስቀሪ። ቀሪ ብትሆኚም በእነሱ እጅ ይሁን።» ምን ያህል እንደገባት አላውቅም፤ ጫማውን ግን ተቀበለችኝ።

በቀኑ እኔም ሄድኩ። ሜዳው ዳር ካሉት የብረት መቀመጫዎች አንዱ ላይ ሆንኩ፤ ፀሐይ ያገኘው ብረት ላይ ነጠላ አራት አጥፎ መቀመጥ ጥሩ ነው፣ ይሄም ለጤና ይጻፍልኝ። ልጅቷ ስትጠራ ፊቷ አመድ መስሏል። ሮጠች። አሠልጣኟ ሰዓቷን አየች፣ አሳየቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ የደስታ አይደለም፣ ልክ አይደለም ማለቷ ነው። በኋላ እንደነገረችኝ «ሰዓትሽ ተበላሽቷል» አለቻት። አሠልጣኟ ሳቀችና ሌላ ሰዓት ያላት ረዳት ጠርታ ደግመው አስሮጧት። ሁለቱም አምስት ነጥብ ስድስት አሉ።

«በእነዚህ ወራት ምን ስትበዪ ከረምሽ?» ብላ ጠየቀቻት አሠልጣኟ።

«በሶ» አለች ልጅቷ።

ገባች። ሦስት ዓመት ተጫወተች፤ ጨርቋን የነጠቋት ጥቂት ናቸው። ሰዓቱንም ማስታወሻ ይሁናችሁ ብለው ተዉልን። በሦስት ቀን ውስጥ ከስድስት ነጥብ ዘጠኝ ወደ አምስት ነጥብ ስድስት እንዴት እንደወረደች ግን የሚያስረዳኝ ስላልነበረ እኔ ራሴ አስረዳሁ። በሶው ተጠራቅሞ ያን ቀን ሠራ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጠየቀችኝ ሁሉ ነገርኩ። አንዷ ሰምታ ለባሏ በቀን ሦስት ጊዜ በጠበጠችለት፤ ሰውየው ወፈረ እንጂ አልሮጠም። «መጀመሪያ ጎማ ይጎትት» ብዬ መከርኳት። በበሶ ስመሰክር ሰባት ዓመት ሞላኝ።

ልጅቷ ዛሬ ግሪን ቫሊ በሚባል ሠፈር ውስጥ ጉልበታቸውን የታመሙ አሮጊቶች የሚለማመዱበት ቦታ ትሠራለች፤ «በሩን ክፈቱ» ትላቸዋለች አሉ። ፎቶው የተገኘ ዕለት እሷም ነበረች። ትንሹ «እኔንም ለኩኝ» አለ። ሰዓቱ ከመሳቢያ ወጣ፣ ባትሪ ተቀየረለት፣ ፓርኩ ወረድን፣ እኔም ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ሮጠ። የእኔ ሰዓት ሰባት ነጥብ ስምንት አለ፤ የልጅቷ ስልክ ስድስት ነጥብ አምስት አለ።

«እማማ፣ እንደገና አድርግ» አለችኝ። አሁን ስልኳን ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ እጄ አዞረችና ቪዲዮ አነሣች። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ቀስ አድርጋ አጫወተችልኝ። ልጁ ወንበሩን ያልፋል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቁጭ ብሏል። አፌ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ልጁ ዞሮ መመለስ ጀምሯል። ከዚያ ነው ጣቴ የሚወርደው። ደግማ አጫወተችው፣ በስልኩም ለካችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ለማለት አንድ ነጥብ ሦስት ሰከንድ ይፈጅብኛል።