ሞራ የተቀባው መኪና

ልጄ መኪናውን ሰም ቀብቶ ጣሳውን ሳይከድን ትቶት ሄደ። ልከድነው ጎንበስ ስል ሽታው ወደ ልጅነቴ ጉለሌ መለሰኝ።

በጣሊያን ጊዜ አንድ ሹማቸው መኪናውን የሚወለውልበት ሰም ፈልጎ እቤታችን መጣ። እናቴ ያላት ሰም ለአባቴ ተዝካር ጧፍ ያስቀመጠችው ብቻ ነበር። እሱን ጤፍ ውስጥ ቀበረችና የረጋ የበሬ ሞራ ሰጠችው። ያ ደንቆሮ ሳያሸት እንኳ እያፏጨ ቀባው። ወዲያው የሠፈሩ ውሾች ተሰብስበው መኪናውን ይልሱት ጀመር።

«እማዬ፣ ቢያውቅብንስ?» አልኳት።

«ዝም በይ! የሰውን አገር ከራሱ አገር መለየት ያቃተው፣ ሰምና ሞራ ሊለይ ነው?»

ነገሩ ያኔ በደንብ አልገባኝም። እሱ ደጅ ላይ ውሾቹን በርግጫ ሲያባርር፣ እሷ ክሩን ሰም እያጠጣች የአባቴን ጧፍ ትሠራ ነበር።