ረግረግ የመሰላቸው ማሳችን

ወረታ ሻይ ቤት ተቀምጬ ከቴሌቪዥኑ የሳሙና ማስታወቂያ ስሰማ ያንን ጎርናና ድምፅ ለየሁት። ቀና ብዬ ሳይ ያ የድሮ ዝነኛ ተዋናይ ነው፤ ፀጉሩ ሳስቷል። «ምስኪን፣ ተረሳ እኮ!» አለች አስተናጋጇ።

እኔ አልረሳሁትም። ሰባት ዓመቴ ነበር። በየሳምንቱ በድራማ የምናየው ይህ ሰው፣ ዛሬ ስሙን እንኳ የሚያነሣው የሌለ የጀብዱ ፊልም ሊሠራ ፎገራ መጣ። ረግረግ ሲያቋርጥ ሊቀርጹት የመረጡት ስንዝር ያልሞላውን የሩዝ ቡቃያችንን ነበር። ውሃ የተኛበት ሣር መስሏቸው ነው።

«ጌታው፣ ሣር አይደለም፤ የዓመት ቀለባችን ነው» አለ አባቴ።

ተዋናዩ የቦት ጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ፣ «አባባ፣ ከካሜራው ፊት ዘወር ይበሉ፤ ታሪክ እየሠራን ነው» አለው።

ስድስት ጊዜ ተመላለሰበት። ቡቃያው ከጭቃው ጋር ተለወሰ፤ የተቦካው ጭቃ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዳር ቆሞ የሚያየው የሰፈራችን ሰው በየመሐሉ ያጨበጭባል።

አባቴ ዘወር ብሎ አየኝ። «አንተም ታጨበጭባለህ?»

«አዎ!» አልኩት በኩራት።

በዚያ ዓመት እህል ገዝተን በላን። አስተናጋጇ ትዘንለት፤ እኔ ለእሱም ሆነ ለዚያ ጭብጨባዬ ምሕረት የለኝም።