ቫይታሚን ነው አልኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያለሁ፤ ሰው ማማቴን፣ በጎረቤቴ መቅናቴን፣ እናቴ ስትሞት አጠገቧ አለመኖሬን ሳይቀር ነግሬያለሁ። ይህችን አንዷን ግን በየዓመቱ እየዘለልኩ አልፌያለሁ። ቄሱ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! የነገርኳቸው ሁሉ የሷ መሸፈኛ ነው። እናንተ ቄስ አይደላችሁም፤ ንስሐ ስጡኝም አልላችሁም። ስሙኝ ብቻ።

ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ነበርኩ። ጦርነቱ በስምምነት ካበቃ በኋላ ሐበሻው ሆቴልና ምግብ ቤት ሊከፍት ወደዚያ ሲጎርፍ፣ እኔም የነርስ ዲፕሎማዬን ይዤ ሄድኩ። ጀበል ገበያ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች መድኃኒት ቤት ከፈትኩ። ከፊት ባንኮኒና መደርደሪያ፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ አልጋ አለ፤ መርፌ የምወጋው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኝ ነበር። ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ አድገው ወደ አገራቸው የተመለሱት ደግሞ ከሌላው ሁሉ እኔን ይመርጡ ነበር። ልጅ ሆነው የታከሙት በአማርኛ ስለሆነ ሕመማቸውን በአማርኛ መናገር ይቀላቸዋል። በአማርኛ የተነገራቸውን ደግሞ ያምናሉ። እኔም ይህን እምነት እንደ ገበያ ቆጠርኩት።

ማቢዮር ከነዚህ አንዱ ነው። ታጋይ ነበር። ታጋይ ስል የጫካውን አይደለም፤ ወገብ ለወገብ ተያይዞ የሚጣጣለውን ማለቴ ነው። ያኔ ትግል ከከብት በረት ወጥቶ ስታዲየም ገብቶ ነበር። ትኬት ይሸጣል፣ ቡድኖቹ ስፖንሰር አላቸው፣ ታጋዮቹም ደመወዝተኛ ሆነዋል። የማቢዮርን ቡድን የያዘው ሰው ነጋዴ ነበር፤ ሁሉም «ሙዲር» ይሉታል፣ አለቃ ማለት ነው። ገበያው ውስጥ ሙዲር የሚያውቀውን ሰው ማንም አይነካም። እኔም እንዳልነካ እፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ሙዲር ከካምፓላ ያስመጣቸውን ብልቃጦች ባንኮኒዬ ላይ ደረደራቸው።

«በየሳምንቱ ውጊልኝ። ልጁ ከጠየቀሽ ቫይታሚን ነው በይው» አለኝ።

ብልቃጡን አንስቼ አነበብኩ። ቴስቶስትሮን ነው፤ የወንድ ሆርሞን። ምን እንደሚያደርግ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ አልፌበታለሁ። ጡንቻ ያሳብጣል። ከውጭ ሲሞላበት ሰውነት የራሱን ማምረት ይተዋል፤ የወንዱም ዘር ይደርቃል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ምን አልኩ? «ማፊ ሙሽኪላ» አልኩ። ችግር የለም አልኩ! ችግሩ የማን ነበረና ነው የለም የምለው?

ማቢዮር መጣ። ክኒን ንቀው መርፌ ከሚያከብሩት ሰዎች አንዱ ነበር። አልጋው ላይ በሆዱ ተኛ፤ እግሩ ከአልጋው ተርፎ መጋረጃውን ገፋው። ዘይት የመሰለው ነገር ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። «ሲስተር፣ ምንድን ነው?» አለኝ። ቫይታሚን ነው አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ ቫይታሚን ነው አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንትም አልኩት። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወ፤ እኔም መዋሸት ሳያስፈልገኝ እወጋው ጀመር።

ትከሻው ሰፋ፤ ጀርባውን ብጉር ወረሰው። ያ ዝምተኛ ልጅ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ሆነ፤ አንድ ቀን የሞተር ሳይክል ነጂ መንገድ ላይ በጥፊ መታ። ሁሉም «ጎበዝ ወጣው» አለ። እኔ ብልቃጡ እንደወጣው አውቃለሁ።

ውድድሩን ልነግራችሁ ይገባል፤ ሳስበው አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል። ከትግሉ በፊት ሽማግሌዎች ታጋዮቹን ይፈትሻሉ። ክታብ የያዘ፣ ሥር ያሰረ፣ ያስደገመ ሰው ሜዳ አይገባም። እኔ ባየኋቸው ውድድሮች ሌላ ፈታሽ አልነበረም፤ ደም የሚቀዳ፣ ሽንት የሚመረምር የለም። አንድ ሽማግሌ የማቢዮርን የክንድ አምባር አዙረው አዩ፣ የወገቡን ዶቃ አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ፣ ከጆሮው ኋላ ሳይቀር ተመለከቱ። ከዚያ አስማሉት። በእናቱ ማለ፤ ምንም የለብኝም አለ። እውነቱን ነበር፣ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ። ሽማግሌው ያላዩት መቀመጫውን ብቻ ነው፤ የኔ መርፌ ምልክት ያለው እዚያ ነው። እኔ ከሙዲር አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለውዝ እየበላሁ ነበር። ሰው በእናቱ ስም ውሸት ሲምል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሰው ሳያውቀው በውሸት እንዲምል አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌያለሁ። ለውዝ እየበላሁ።

ጣለ። ከዚያም በኋላ ብዙ ጣለ። የወደቁት ሰዎች አቧራቸውን አራግፈው እጁን ይጨብጡታል፤ ንጹሕ ሰው ያሸነፋቸው መስሏቸው። በድሉ ስም ወጣለት፣ ዘመዶቹ ለጥሎሽ ከብት አዋጡለት፣ አቾልን አገባ።

አቾልም የጋምቤላ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይጣፍጥ ነበር። ሎሎጎ የሚባል ሰፈር፣ በቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ማቢዮር ከመርፌው ሲነሳ ሱሪውን ይዞ አልሄድ አለ። አፈረ፤ መሬት መሬት እያየ፣ «እንደ ታላቅ እህቴ ስለማይሽ ነው» ብሎ ጀመረ። ብልቱ እንደበፊቱ አይደለም፤ ፍሬዎቹ ያነሱ ይመስለዋል። እግዜር በሰፊው በር ከፈተልኝ። ምን አልኩት? «ሙቀቱ ነው» አልኩት። ድካም ነው፣ ውኃ ጠጣ አልኩት። አመሰገነኝና ሄደ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ግቢው ማጉረምረም ጀመረ። አቾል አላረገዘችም። እዚያ ይህ የባልና የሚስት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከብቱን ያዋጣው ዘመድ ሁሉ ሆድ ሆዷን ያያል። ደግሞ እንደዚያ ያለ ግዙፍ ሰው፣ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ የሚጮኽለት ሰው፣ ችግሩ ከሱ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጡንቻው መሰከረለት። ጡንቻውን የሰጠሁት እኔ፣ ምስክሩንም ያቆምኩት እኔ ነኝ።

አቾል ወደኔ መጣች። የሚያስረግዝ መድኃኒት ስጪኝ አለች። አማቷ አታናግራትም፤ ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ ሲሄዱ ጥለዋት ይሄዳሉ። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እዚህ ላይ ቁሙልኝ፤ ዋናው በደሌ ይህ ነው። ባሏ በዚያው ሳምንት ከመጋረጃው ኋላ ተኝቶ ነበር። መርፌውን ቢተው ዘሩ ቀስ በቀስ ሊመለስ እንደሚችል አውቃለሁ። ከኔ የሚፈለገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መርፌውን ያቁም።» ዝርዝሩን መናገር እንኳ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ዞሬ ከመደርደሪያው ለነፍሰ ጡር የሚታዘዝ ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ አወረድኩ። ሸጥኩላት! «ታገሺ፣ ይረዳሻል» አልኳት። ሲያልቅባት መጣች፤ እንደገና ሸጥኩላት። የእሱን ድርቀት ለሷ በክኒን እየሸጥኩ፣ ከኋላ እሱን አደርቅ ነበር።

ለምን ዝም አልኩ? ሙዲርን ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቼዋለሁ። ታላቁ ውድድር እየቀረበ ነበር፤ ማቢዮር ቢያቆም ሙዲር ሱቄን ያዘጋብኛል። ግን ፍርሃቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሹክሹክታ እነግራት ነበር። እውነቱ ሌላ ነው፤ «ሲስተር ዋሸችን» መባልን አልቻልኩም። ጥሩ ሰው መባል ጣፍጦኝ ነበር። ስሜ ከሷ ትዳር በለጠብኝ።

ንያኩሮን ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እሑድ እሑድ እንሰበሰብ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ መድኃኒት ወስዶ የተያዘ አንድ የውጭ አገር ሯጭ ታየና ክርክር ተነሳ። የቤቱ ባለቤት፣ ሳቂታና ተከራካሪ ሰው፣ «ምን ያካብዱታል? ይፈቀድ! ሁሉም ይውሰድና እኩል ይሁኑ፤ ሰውነቱ የራሱ አይደል?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ግን እጠይቃለሁ። የራሱ ሰውነት ነው? ማቢዮርን ማን ጠየቀው? አገኘው የተባለው ጉልበት የሙዲር ነበር፣ ውሳኔው የሙዲር፣ መርፌው የኔ። የማቢዮር ድርሻ መታመም ብቻ ነው። «ይፈቀድ» የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ አዋቂና ሀብታም ስፖርተኛ ነው የሚታያቸው፤ ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ ጥቅምና ጉዳቱን የሚመዝን። አለቃው ያመጣለትን በሆዱ ተኝቶ የሚወጋ ልጅ አይታያቸውም።

ይከልከል እላለሁ። አጥብቆ ይከልከል። ክልከላው ለታጋዩ አይደለም፤ እንደኔ ላለችው ነው። የተከለከለ ነገር ቢሆን ማቢዮር ቢያንስ «ሲስተር፣ ይሄ የሚፈቀድ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖረው ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚፈትሹትን ያውቁ ነበር። እኔም እጄን ስዘረጋ የምፈራው ነገር ይኖረኝ ነበር፤ ኅሊናዬ እንደሁ አላስፈራኝም።

አቾልን ወደ አባቷ ቤት መለሷት። ከብቱም ተመላሽ ተጠየቀ። ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተኝ መጣች፤ አንዲት የፕላስቲክ ቦርሳ ይዛለች።

«እህቴ፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰደብሽኝ። እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

አቀፈችኝ። እኔም አቀፍኳት። ጀርባዋን እያሻሸሁ «አይዞሽ» አልኳት። በዚያ ደቂቃም ቢሆን አውቶቡሷ አልተነሳም ነበር፤ ጊዜ ነበረኝ። አይዞሽ አልኳት እንጂ ሌላ አልተናገርኩም።

በዚያው ዓመት፣ አገሩ ለነፃነት በዓል ሲሰናዳ፣ ማቢዮር ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ጡንቻው ከጅማቱ አቅም በላይ አብጦ ነበር፤ ይህም የኔው ሥራ ነው። ሙዲር አንድ ቀን ሆስፒታል መጥቶ ጠየቀው፤ ከዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ልጅ ይዞልኝ መጣ። ያንን አልወጋሁም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ መድኃኒት ቤቱን ሸጬ ልወጣ ስለነበር ነው።

ማቢዮር ሲጎዳ መርፌው ቀረ። መርፌው ሲቀር ዘሩ ተመለሰ። ዘመዶቹ ሌላ ሴት አጋብተውት ነበር፤ እኔ ለመውጣት ስሰናዳ ወንድ ልጅ ወለደች። እያነከሰ ሱቄ ድረስ መጣ፤ በደስታ ፊቱ በርቷል። ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ፣ «አየሽ ሲስተር፣ ከሷ ነበር» አለኝ።

በዚያ ቀን እሱን የሚያስፈራራው አለቃ አልነበረም፤ እኔንም። ሙዲር ትቶታል፣ ሱቄ ተሽጧል፣ ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል። የምፈራው አንድም ነገር አልቀረም ነበር። እኔ ግን እጁን በሁለት እጄ ይዤ፣ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አልኩት። የሚያምረውን ቃል መርጬ አልኩት። በዚያ ምርቃት አቾልን ለሁለተኛ ጊዜ ከቤቷ አስወጣኋት፤ ያ ሕፃን መወለዱ የሷ ጥፋት ማረጋገጫ ሆኖ ሲቀር አጠገቡ ቆሜ መረቅኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ማን ተናግሮት ነው የሚጠራው? እኔ ካልተናገርኩ የሚነጋ ነገር የለም። እሷ በአባቷ መንደር መሐን ተብላ ተቀምጣለች፤ ወይም እንደ መሐን ለሽማግሌ ተድራለች፤ ወይም ሌላ አግብታ ወልዳ ሁሉንም አሳፍራለች። ይህ የመጨረሻው እንዲሆን ስንት ጊዜ ተመኘሁ! ምኞቴም ለሷ ሳይሆን ለራሴ ነው፤ ልቤ እንዲያርፍ። ለዚህ ለዚህማ ባያርፍ ይሻላል።

ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነበር የጀመርኩት። አልጠይቅም። ይቅር ማለት የምትችለው አቾል ናት፤ እሷ ደግሞ ማን እንደበደላት አታውቅም፤ ጥፋቱን በራሷ ሆድ ላይ ነው የምትፈልገው። ቄሱ «እግዜር ይፍታሽ» ቢሉኝ እሷ እዚያ እንደታሰረች እኔ እፈታለሁ ማለት ነው? አልፈልግም። እናንተም አትዘኑልኝ። ይህን የሚያነብ ሰው፣ ጋምቤላ ያደገች፣ ባሏ ታጋይ የነበረ አቾል የምትባል ሴት የሚያውቅ ቢሆን፣ እኔ ባፌ መናገር ያቃተኝን ይንገርልኝ። መሐን አልነበረችም። አንድም ቀን መሐን አልነበረችም።