በመርፌ የተሞላ ኮሌታ

ፒያሳ ባለው የዓይን ክሊኒክ ኮሪደር ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ነው የመጡት። የኮታቸው ኮሌታ ክር በገባላቸው መርፌዎች ተሞልቷል። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ነጭ ጠባሳ አለ።

«ልጄ፣ ክር አስገቢልኝ» አሉኝ፤ ጎናቸው የተቀመጠውን ሁሉ ይጠይቃሉ። መስፋቱን ጣታቸው ያውቀዋል፤ የመርፌ ቀዳዳ ግን ዓይን ይፈልጋል። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ባለው የስፌት ሱቃቸው ግን ማንንም አይጠይቁም።

«ደንበኛ ዓይኔ መድከሙን ካወቀ ጨርቁን ይዞ ይሄዳል» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉም ይሰማል።

«የዓይን ብሌን ውስጥ በጣም ቀጫጭን ክሮች አሉ፣ አባባ» አለች ዶክተሯ። «እኩል እኩል ስለተደረደሩ ነው ብርሃን የሚያልፈው። ዓይንዎ ላይ የነበረው ቁስል ሲድን ግን አዲሶቹ ክሮች ተዘበራረቁ።»

«ድኗል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ድኗል።»

«ድኖ ነው የማላየው?»

ወንበሯን ወደሳቸው ስታስጠጋ ተሰማኝ።

«እኔ የተበላሸ ስፌት ተርትሬ እንደገና እሰፋለሁ። ይሄ አይተረተርም?»

«አይተረተርም፣ አባባ። ከሞተ ሰው ብሌን እስኪለገስ መጠበቅ ነው።»

«እስከ መቼ?»



ወጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ሜትራቸውን አውርደው ጠቀለሉት፤ መልሰው ፈቱት። ከዚያ ክር ያልገባላቸውን መርፌዎች ከነክሩ ከኪሳቸው አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እነዚህንም አስገቢልኝ፣ ልጄ። ክሩን ረዘም አድርጊው።»