እናቴን ያወረዱበት ሜዳ

የቤንዚን ሽታ ከታጨደ ሣር ሽታ ጋር ሲቀላቀል ደሜ ይፈላል። በቀደም እዚህ ወልቂጤ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው የትምህርት ቤት ግቢ በሞተር ሲታጨድ ሽታው ገባብኝና መስኮቱን በኃይል ዘጋሁት። የልጅ ልጄ ደንግጣ ምን ሆንሽ ብትለኝ ጭሱ ነው አልኳት። ጭሱ አልነበረም። ላንተ እውነቱን ልንገርህ።

ያደግሁት ቡታጅራ ነው፤ በንጉሡ ዘመን፣ መጨረሻ መጨረሻው ላይ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ያሳደገችን እናታችን ናት። ከእኔ በብዙ የሚበልጠው ወንድሜ ገና በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። የአገራችን ሰው ከተማ ገብቶ ሲያልፍለት ቤት ይሠራል፣ ሚስት ያገባል። የኛው መብረር ተማረ። አንድ የበረራ ክበብ ገብቶ እሁድ እሁድ ሲለማመድ ቆየና ፈቃድ አወጣ። ዘመድ ሁሉ አበደ አለ። እናቴ ብቻ አላለችም። ለመስቀል በመጣ ቁጥር እሳቱ ዳር ቁጭ ብሎ ደመና ከውስጡ ሲያዩት ምን እንደሚመስል፣ ሞተሩ ሲቀነስ ነፋሱ እንዴት እንደሚያፏጭ ያወራላታል። የዝዋይ ሐይቅ ከላይ ሲታይ ሳህን ላይ የቀረ ውሃ ይመስላል ሲላት፣ ከገበያ አልፋ የማታውቅ ሴት፣ እውነትህን ነው እያለች ደጋግማ ታስነግረው ነበር።

አንድ ቀን አሳፍሬ አሳይሻለሁ አላት። ቃሉንም አልረሳም። ያን ዓመት ለመስቀል በአውሮፕላን እንደሚመጣ በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ላከብን። ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ወጥቶ የግጦሹን ሜዳ አጨደ፤ እኛ ሴቶቹ ድንጋይ ለቀምን። እናቴ ለበዓል የተቀባችውን ቅቤ ጠዋት ከፀጉሯ ላይ በሙቅ ውሃ ታጥባ አወጣችው። የልጄን አውሮፕላን ቅባት አላስነካም አለች።

መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው፣ በጥያ በኩል። ቀጥሎ ነጭ ነገር ታየ። ሲወርድ ከብቱ ሁሉ ደንብሮ ተበተነ፣ ሕዝቡም አብሮ። ወንድሜ ወርዶ የእናቴን ጉልበት ሳመ። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ትንሽ ነገር ነበረች፤ አንዱ የሱ ነው። እናቴን አስቀድማለሁ፣ ቀጥሎ አንቺ ነሽ አለኝ። እናቴ ከመውጣቷ በፊት ጫማዋን አወለቀች። አያስፈልግም እማ ሲላት፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ በጫማ አይወጣም ብላ ጫማዋን ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ወገቧን በቀበቶ አሰራት። በመስኮቱ ሳያት እንደ ሙሽራ አቀርቅራ ትስቅ ነበር። ያንን ፊቷን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

የወረዳው ገዥ ላንድሮቨር የደረሰው ያኔ ነው። ሕዝቡ እጅ እየነሳ መንገድ ለቀቀ። ገዥው የወንድሜን እጅ ጨብጦ አመሰገነው፤ ከዚያ በቆሼ በኩል ያለውን ቆላ ከላይ ማየት እፈልጋለሁ አለው። ወንድሜ እናቴ ተሳፍራለች፣ እሷን አዙሬ እንደተመለስኩ እርስዎን እወስዳለሁ አለ።

ገዥው ፈገግ አለ። "ልጄ፣ እናትህ ነገም አለች። ጊዜ የሌለኝ እኔ ነኝ።"

ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላው የቆመው ነጭ ለባሽ በሩን መጎተት ጀመረ። እናቴ አማርኛው ብዙም አይገባትም ነበርና፣ ምን አሉ ብላ ልጇን በጉራግኛ ጠየቀችው። እኔ ወንድሜን አየሁት። እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ደመናን የሚሰነጥቅ ሰው ላንድ ሰው እምቢ ማለት እንዴት ያቅተዋል?

"ይሁን፣ ጌታዬ" አለ።

የእናቴን ቀበቶ በገዛ እጁ ፈታ፣ በገዛ እጁ ብብቷን ይዞ አወረዳት። ነጭ ለባሹ ጫማዋን በእግሩ ገፋ አድርጎ ለገዥው ቦታ አበጀ። እናቴ በታጨደው ሣር ላይ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሲነሱ አየቻቸው። ጫማዋን እኔ ነኝ ፈልጌ ያመጣሁላት።

ቆዩ። ሲመለሱ ገዥው በደስታ በእጁ እያመለከተ ይናገራል፤ የወንድሜ ፊት አመድ መስሏል። የቀረው ቤንዚን አዲስ አበባ ከመመለስ አያልፍም ነበር። ለሚመጣው መስቀል እማ አላት። በሰላም ግባ አለችው።

ገዥው ምን ሊያይ እንደሄደ የገባን በጋው ሲመጣ ነው። ቆላው ላይ ትራክተር ወረደ። በርበሬና በቆሎ ሲያመርት የኖረውን ገበሬ ሁሉ መሬቱ ባለቤት አለው አሉት። ከተነቀሉት አንዱ የእናቴ ወንድም ነበር፤ ልጆቹን ይዞ እኛ ቤት ገባ። ልጅሽ ነው ከላይ ያሳያቸው እያሉ ገበያ ላይ ፊታቸውን አዞሩባት። ያለ አውሮፕላንም ይወስዱት እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ ለሚወስድ ሰው ምን መንገድ ይጠፋዋል። ንዴቴን ግን ማወቄ አላበረደውም። በገዥውም፣ በዚያ "ይሁን" በሚል ቃልም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሚቀጥለው መስቀል ወንድሜ በአውቶቡስ መጣ። ዓመት ሙሉ የምለውን ቃል እንደ ቢላ ስስል ስለቆየሁ በሩ ላይ ጠበቅሁት። እሱ ግን ገና ሳይቀመጥ መብረር ትቻለሁ፣ ፈቃዱንም መልሻለሁ አላት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እናቴ ስትቆጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"እኔን ማውረድህ አልበቃ ብሎህ ራስህንም አወረድክ? እነሱ መሬት ወሰዱ፤ አንተ ደግሞ ሰማዩን ጨምረህ ሰጠሃቸው?"

ያ ትልቅ ሰው ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እስኪወጣለት ተወችው። ከዚያ የከሰዓቱ ፀሐይ በበሩ ገብቶ እግራችን ሥር ሲደርስ፣ እሱም ሲረጋጋ፣ ያን ቀን ስትመጣ ሰፈራችን ከላይ ምን ይመስል ነበር አለችው። ፈራ ተባ እያለ ጀመረላት። የቤቶቹ ክዳን እንጉዳይ ይመስላል፣ የእንሰቱ ቅጠል ሲያብረቀርቅ እንደረጠበ ነው፣ የዘቢዳር ተራራ ቀና ብሎ ያይሃል አላት። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ታዳምጣለች።

"የአባትህ መቃብርስ ይታያል?"

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ያረጁ ጽዶች ከዳር እስከ ዳር ሸፍነውታል፤ መቃብሩ የግቢው በር ላይ ለቆመ ሰው እንኳን አይታይም። የሳልኩትን ቃል ሁሉ ዋጥኩት።

"ይታያል፣ እማ" አላት። "ጎልቶ ይታያል።"

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

"እስቲ ወደዚያ ዝቅ በልልኝ" አለችው።